ምድር ያቀና ሰው የማን ሐቅ አለበት?

ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስናዘግም አንድ ጎረቤቴ ያነሱብኝ ጥያቄ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት ሆኖኛል። ዕድሜያቸው ሰባን የዘለለ የወሎ ሰው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስላሳሰቡኝ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው አባዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ሰው ሳያውቅ የወሰደው ሐቅ ቂያማ ቀን ይጠየቅበታል?» አሉኝ። ዓሊሞችን ቢጠይቁ እንደሚሻል ነገርኳቸው። «እነሱንማ ጠይቄያለሁ፤ አንተ ደግሞ ጻፈው» አሉ።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወሎን ሲያነድ የደርግ መንግሥት ታላቁን ሰፈራ ጀመረ። በዚያ ዓመትና በተከታዩ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ እየተነሣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል ተጓዘ። ከፊሉ ወዶ ሄደ፤ ከፊሉ እህል ሊቀበል በተሰለፈበት ተጭኖ ሄደ። አባዬን «ወደው ነው ወይስ ተገደው?» ብላቸው ሣቁብኝ። «የራበው ሰው ፈቃድ የሚባል ነገር አለው እንዴ?» አሉ።

የደረሳቸው የበለስ ሸለቆ፣ ፓዌ ነው። መንደሮቹ ስም አልነበራቸውም፤ በቁጥር ይጠራሉ። ደጋ ለለመደ ሰው ሙቀቱ ራሱ በሽታ ነው። ዶዘሩ ደኑን ደረመሰው፤ ጉቶውን መንቀልና ሥሩን ማቃጠል የሰፋሪው ፈንታ ሆነ። ወባው የአንዲት ሴት ልጃቸውን ነፍስ በመጀመሪያው ክረምት ወሰደ። ከጣልያን መንግሥት በተገኘ ርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተሩንና መንገዱን አመጣ፤ እርሻው ግን የጋራ ስለነበር ገበሬው የራሴ የሚለው የጓሮ ቁራጭ ብቻ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ፕሮጀክቱም ቆመ፤ ብዙው ሰፋሪ ጥሎ ወጣ። አባዬ ቀሩ። «ልጄ የተቀበረችበት ነው፤ የት እሄዳለሁ?» አሉ። መሬቱ ተከፋፍሎ ድርሻቸው ሲሰጣቸው በሬ ገዙ፤ በሬውን ገንዲ ገደለው፤ ሌላ ገዙ። ባለቤታቸውና የቀሩት ልጆቻቸው በመቆፈሪያ እየቆፈሩ ማሽላ የዘሩበትም ዓመት ነበር። እንዲህ ሆኖ የቀናውን መሬት «የኔ አይደለም» ማለት ለሰው ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ውድ አንባቢ፣ ራስህን ጠይቅ።

አንድ ቀን ግን አንድ የጉሙዝ ሰው ማሳው ዳር መጥቶ ቆመ። እህል አልለመነም፤ አልተጣላም። ቋንቋ ስለሌላቸው መነጋገር አልቻሉም። ሰውየው በእጁ ወደ አንድ ትልቅ ጉቶ አመለከተ፤ ቀጥሎ ወደ ላይ፣ ቅርንጫፍ ሊኖር ወደሚገባው ባዶ ሰማይ አመለከተ፤ ከዚያ በአፉ የንብ ድምፅ አሰማ። አባዬ ያኔ ገባቸው፤ ቀፎውን የሚሰቅልበት ዛፍ ነበር። ወደ ቤት ሮጠው አንድ ቁና ማሽላ አመጡለት። ሰውየው አየው፤ አልነካውም፤ ሄደ። «ቢወስድልኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር» ይላሉ እስከ ዛሬ።

እኔን ያሳሰበኝ ጥያቄ እዚህ ላይ ይጀምራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሞተ መሬትን ሕያው ያደረገ ሰው ባለመብት እንደሚሆን ማስተማራቸው የታወቀ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ የመሪ ፈቃድ ያስፈልጋል ሲሉ ኢማም ሻፊዒ አያስፈልግም ብለዋል። ልፋት መብት ይሰጣል በሚለው መሠረት ላይ ግን ልዩነት የለም። ዑመርም (ረ.ዐ.) መሬት አጥሮ ሦስት ዓመት ሳያለማ ለተቀመጠ ሰው መብት የለውም ብለዋል፤ ለቢላል ኢብኑ ሐሪስ አል-ሙዘኒ ተሰጥቶ ከነበረው ሰፊ ምድር ማልማት ያልቻሉትን መልሰው ለሌሎች አከፋፍለዋል። በዚህ ሚዛን የአባዬ ላብ ከባድ ነው።

ይሁንና «የሞተ መሬት» የቱ ነው? ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ፉቀሃእ ለመንደር የግጦሽ፣ የማገዶና የውኃ መውረጃ የሆነውን ቦታ፣ የጉድጓድንም ዙሪያ፣ ሐሪም ብለው ከሞተ መሬት ያወጡታል፤ አጥር ባይኖረውም፣ ባይታረስም ባለቤት አለው። ጉሙዙ ደግሞ ጥቂት ዓመት ቆፍሮ ይዘራና መሬቱን ያሳርፋል፤ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ኋላ ይመለሳል። ባረፈው መሬት ላይ ያድናል፤ ማር ይቆርጣል። ከወሎ ተራራ ለመጣ፣ ድንበር በድንጋይ ካብ ለሚያውቅ ገበሬ፣ ያረፈ መሬት ጫካ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ካርታ ለሚያይ ባለሥልጣንም ጫካ ነው። ልዩነቱ ባለሥልጣኑ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ከጭነት መኪና የወረደው ረሃብተኛ ግን አይችልም ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣችው የሰፋሪዎች ሕግ መሬት ላይ አምስት ዓመት ኖሮ ላለማ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ ሰጠች። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ከሣሩ ጋር በተቆረጠ አፈር ቤት ሠርቶ ከአንበጣና ከበረዶ ጋር የታገለው ቤተሰብ ጀግንነቱ አይካድም። ሜዳው ግን ባዶ አልነበረም፤ ጎሽ እየተከተሉ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ነበሩበት። ሕጉ ስለ ልፋት ሲደነግግ ስለ እነርሱ ዝም ብሏል።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ተቆጣ። «እንዲህ ወደ ኋላ ከተቆጠረ ማን ንጹሕ ይሆናል? ሁሉም መጤ ነው። ደግሞም ይህ ወሬ ሰው ያስገድላል» አለኝ። ሁለተኛው ቃሉ ያስፈራል፤ እውነትም ነው። በመተከል ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገድለዋል። ነባርነት የሰውን ደም ሐላል የሚያደርግ መስሎት የተነሣ ሰው ከየትኛውም ሚዛን ውጪ ነው። ፉቀሃእ እንኳ በሰው መሬት ላይ እያወቀ በግፍ የተከለንና ሳያውቅ የተከለን ይለያሉ፤ ሳያውቅ የተከለው ዋጋው ይከፈለዋል እንጂ ተክሉ በከንቱ አይነቀልበትም። አባዬ ተነቅለው መጣል አይገባቸውም ነበር። የእርሳቸው አለመነቀል ግን የማር ቆራጩን ሐቅ አያጠፋውም፤ ሁለቱም ሐቆች አሉ ብዬ ለወዳጄ መለስኩለት። «ታዲያ ማን ይክፈል?» አለ። ያፈናቀለው መንግሥት አልኩት። «እሱማ ሄዷል» አለ። መልስ አልነበረኝም።

ስለ ሩቁ በለስ ይህን ሁሉ ስጽፍ ከተቀመጥኩበት ወንበር ሥር ያለውን ማለፍ ግብዝነት ይሆንብኛል። ቤታችን እናቴ በዕጣ ያገኘችው ነው። ጀሞ፣ ለቡና ሐና ማርያም ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የኦሮሞ ገበሬዎች ጤፍ የሚያጭዱባቸው ማሳዎች ነበሩ። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ከይዞታው ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ ያሰላው የዐሥር ዓመት አማካይ ገቢውን ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለመሬቱ ራሱ ዋጋ የለውም። የዐሥር ዓመት ገቢ በአንድ ቀን የተቀበለና ከማረስ ሌላ ሙያ የማያውቅ ሰው በዐሥራ አንደኛው ዓመት ምን እንደሚበላ ሕጉ አልጠየቀም። እኛም ቁልፍ ስንረከብ እልል አልን እንጂ «እዚህ ማን ነበር?» አላልንም። አባዬ ቢያንስ ጉቶው ያሳያቸው ነበር፤ የኛ ጉቶ ሲሚንቶ ሥር ነው።

አባዬ ልጆቻቸው ወደዚህ ካመጧቸው ወዲህም ፓዌ ቤተሰብ አላቸው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር ሰውየውን ፈልጎ «አፉ በለኝ ብሏል» እንዲልላቸው ይልካሉ። ስሙን አያውቁትም፤ አልጠየቁትም ነበር። ሞቶም ሊሆን ይችላል፤ ልጆች ግን ይኖሩት ይሆናል ይላሉ። ጽሑፉን ሳነብላቸው በጥሞና ሰሙና አንድ ነገር ብቻ አስጨመሩኝ፦ «ዛፉ ዋርካ ነበር በል። ጉቶው ከወንዙ በስተምሥራቅ ነው። ያየ ሰው ያውቀዋል።»