ስለ ቆየ ዕዳ የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፤ በአባቶቻችን ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ይታሰሩ እንደ ነበር ሰምተሃል። ዛሬ ያ ሰንሰለት ቀርቶአል፤ ሕግም ለክሱ ዘመን ወስኖለታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1845 እንደሚያዝዘው፥ ልዩ ሕግ ከሌለ በቀር፥ ከውል የመጣ ዕዳ መከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ10 ዓመት ውስጥ ካልተከሰሰበት ክሱ ይታገዳል። ይህም ይርጋ ይባላል፤ ነገሩ ይርጋ፥ ክርክሩም ይቁም ማለት ነው።

ይህ ሕግ ክፉ አይደለም። ምስክር ይሞታል፥ ደረሰኝም ይጠፋል፤ የከፈለ ሰው ሁለተኛ እንዳይከፍል ይጠብቀዋል። አንተም ከፍለህ ሳለህ ማስረጃህ ጠፍቶብህ እንደ ሆነ፥ ሳታፍር በይርጋ ተከላከል።

ነገር ግን ይህን አስብ። አንዲት እናት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ እየተሸከመች፥ በሾላ ገበያ እየሸጠች ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለጎረቤትዋ አበደረች እንበል። እርሱም በዚያ ገንዘብ በየካ ቤት ሠራበት። እርስዋ ግን ጎረቤትን መክሰስ ነውር ነው ብላ ዝም አለች። 11ኛው ዓመት በገባ ጊዜ ወረቀቱን ከሙዳይዋ አውጥታ ወደ ዳኛ ሄደች። ዳኛው ይርጋን ከራሱ አንሥቶ ክሱን ሊዘጋ አይችልም፤ ተከሳሹ ራሱ ሊያነሣው ይገባል። እንግዲህ በሩን የሚዘጋባት የዚያ ሰው አፍ ነው። አንተ በእርሱ ስፍራ ብትቆም ምን ትላለህ?

«ዘመኑ አልፎአል» ትላለህን? እውነት ነው፥ አልፎአል፤ ገንዘብዋ ግን በግድግዳህ ውስጥ አለ። ሕግ ክሱን ይከለክላል እንጂ ከፍሎአል ብሎ አይመሰክርልህም። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ወገኖቻችንም በክሬዲት ካርድ ዕዳ ይህ ፈተና ያገኛቸዋል፤ በሜሪላንድ ግዛት ለክሱ የተወሰነው ዘመን 3 ዓመት ነው። የዓመቱ ቍጥር ከአገር አገር ይለያያል፤ የተበላ ገንዘብ ግን ባሕር ስለ ተሻገረ ያልተበላ አይሆንም። መዝሙረኛውም ተበድሮ የማይመልሰውን ከኃጥአን ጋራ ይቈጥረዋል።

አበዳሪ ሆይ፤ ለአንተም ቃል አለ። ሙሴ በየ7ቱ ዓመት የወንድምን ዕዳ እንዲተዉ አዝዞአል፤ ስለዚህ የሚከፍለው የሌለውን ድኻ አታስጨንቅ። ያለውን ግን በጊዜው ጠይቀው፤ በዝምታህ ወደ ፈተና አታግባው።

ተበዳሪ ሆይ፤ ሁሉን መክፈል ባትችል ዘመኑ ሳያልፍ ጥቂት ይዘህ ሂድ። ከዕዳው ከፍለህ ብታምንለት፥ 10ሩ ዓመት እንደ ገና ከመጀመሪያው ይቈጠራል። ይህም የታመነ ሰው በገዛ እጁ የሚታሰርበት ቁራኛ ነው። ዘመኑ አልፎ እንደ ሆነ ግን የሚያስገድድህ ዳኛ የለምና፥ እግዚአብሔርን ስለ መፍራት ብቻ ተነሣ፤ ወደ በርዋም ሂድ። በፍርድ ቤት ነገሩ ረግቶአል፤ ልብህስ ረግቶአልን?