የእንግዳው ብርድ ይሸጣልን?

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ምን ያህል እንደሚከብድ ለምታውቁት መንገር አያሻንም። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚያቀና መንገደኛ በመንገድ ሲመሽበት፣ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ካየ እሰየው ብሎ ይገባል። ምድጃው ይነዳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ሽሮው ይንተከተካል። ሲነጋም ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። እንግዲህ ይህ እንግዳ መቀበል ነውን ወይስ ንግድ? ባለቤቲቱስ ስንት ልትጠይቀው ይገባታል?

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ1784 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ የኦስትሪያ ወይን ተካዮች የገዛ ወይናቸውን ከምግብ ጋር በቤታቸው እንዲሸጡ ፈቅዶ ነበር። እነርሱም እስከ ዛሬ ድረስ በደጃፋቸው የጥድ ቅርንጫፍ ይሰቅላሉ። ቅርንጫፉና የእኛ ጣሳ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ በዚህ ቤት ቤተሰቡ በእጁ ያዘጋጀው መጠጥ አለ ይላሉ።

አንዳንድ ሰዎች ገንዘብ የተቀበለ እጅ እንግዳ ተቀበለ አይባልም ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል የተጻፈው ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ አደራ ሲሰጥ ሁለት ዲናር ከፍሏል፤ ወጪው ከበለጠም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገብቷል። ጌታችን ጠባቂውን ስለ ተቀበለው ገንዘብ አልነቀፈውም። ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ ባልቴትም ያለ ዋጋ ትቅዳ ማለት በሰው ጓዳ ቸር መሆን ነው። ብቅሉን ማብቀል፣ ጌሾውን መውቀጥ፣ ድፍድፉን መጠበቅ ቀላል ድካም አይደለም። በደጋ ደግሞ ብርዱ መፍላቱን ያዘገየዋል፤ ጋኑ ወደ ምድጃው ይጠጋል፣ ቀኑም ማገዶውም ይጨምራል።

የዋጋው ልክ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ለመመርመር በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ይረዳናል። «ሱማ ቴዎሎጂያ» በተባለው መጽሐፉ ስለ መሸጥና መግዛት ሲመረምር እንዲህ ይለያል፤ ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ የሚጎዳ ከሆነ ጉዳቱን በዋጋው ውስጥ ማስገባት ይችላል። ነገር ግን ሻጩ ሳይጎዳ ገዢው ከችግሩ የተነሣ አብዝቶ የሚጠቀም ከሆነ፣ ሻጩ ስለዚህ ጥቅም ዋጋ ሊጨምር አይገባም። ችግሩ የገዢው እንጂ የሻጩ አይደለምና፣ የእርሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይችልም።

ይህን ወደ ደጋችን እናምጣው። ባለቤቲቱ ለውርጩ ሌሊት ተጨማሪ ማገዶ ብታነድ፣ የማገዶውን ዋጋ መጠየቋ ፍትሕ ነው። መኪና ተበላሽቶ ሃያ ሰው በር ላይ ሲንቀጠቀጥ አይታ የትናንቱን መደብ በእጥፍ ብታከራይ ግን፣ የሸጠችው መደቡን ሳይሆን የሰዎቹን ብርድ ነው። ብርዱ ደግሞ የእርሷ ገንዘብ አይደለም። እርግጥ ነው፣ በገበያ አመክንዮ ይህ ሞኝነት ይመስላል፤ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል ይሉናልና። እኛም ስለ ሽንኩርት ብዙ አንከራከርም፤ ነገር ግን ውጭ ለማደር የማይችል ሰው አልገዛም ለማለት ነፃነት የለውም።

ያው መምህር ለገዢው ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል፤ እጅግ የተጠቀመ ሰው በፈቃዱ ከዋጋው በላይ ቢሰጥ የጨዋነት ሥራ ነው። እንግዳም ግዴታ አለበትና፣ ከፍያለሁ ማለት ሁሉን አይፈጽምም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው የጄኔራል ናፒየር ጦር በመንገዱ ለገዛው እህልና ሣር በማሪያ ቴሬዛ ብር ይከፍል ነበር፤ ሲመለስ ግን የብራና መጻሕፍትንና ታቦታትን ጭኖ ሄደ። ለገብስ የከፈለ ሰው ለሌላው ሁሉ እንደ ከፈለ የሚቆጥር ከሆነ፣ እንግዳ መባሉ ቀርቷል።

በወሎ ከክርስቲያኑ ጎን ሙስሊሙ መንገደኛም በዚያው ምድጃ ይሞቃል። ጠላ የማይጠጣውን ሰው «ካልጠጣህ ቦታ አትያዝ» ማለት ምድጃውን በመጠጥ ማስያዝ ነው። ያልፈላ ብርዝ ወይም አንድ ስኒ ቡና የሚያቀርብ ቤት ይህን ችግር ያለ ብዙ ፍልስፍና ፈትቶታል።

የቀረው ከሁሉ ይከብዳል። ብርድ ብቻ ሳይሆን የመጠጥ ፍቅርም የገዢው ችግር ነው። አንደበቱ እየተሳሰረ «ድገሚኝ» ለሚል ሰው መቅዳት የብርዱን ሰው በእጥፍ ከማስከፈል በምን ይለያል? ዋጋው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ትርፉ ግን ከድካሙ የመጣ ነው። በእኩለ ሌሊት «ሒሳብህን ከፍለሃል፣ በል ውጣ» ተብሎ ወደ ውርጩ ሲሸኝም፣ ዕዳው ከእርሱ ወደ ቤቱ ባለቤት ተሻግሯል።