ስለ ሕፃናት አገልግሎት የሚጠየቅ የመጋቢነት ሒሳብ

የሳኦል ልጅ ዮናታን በጦርነት በወደቀ ጊዜ ልጁ ሜምፊቦስቴ የ5 ዓመት ሕፃን ነበረ። ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ከእጅዋ ወድቆ ሁለቱ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ከብዙ ዘመን በኋላ ንጉሥ ዳዊት ስለ ዮናታን ፍቅር አስፈልጎ አስመጣው፤ ርስቱን መለሰለት፤ በማእዱም አስቀመጠው። መሬቱን የሚያርስለትና እህሉን የሚያገባለት መጋቢም አዘዘለት፤ ይኸውም 15 ልጆችና 20 አገልጋዮች የነበሩት ሲባ ነው። ትእዛዙ መልካም፤ የተመደበውም ሰው ብዙ ነበረ። ነገር ግን የመከራ ቀን በመጣ ጊዜ ሲባ ጌታውን ከስሶ ርስቱን ሁሉ ለራሱ አስፈረደ። ሜምፊቦስቴ በእግሩ መሄድ የማይችል ስለ ሆነ ቀርቦ ቃሉን ሊሰጥ አልቻለም። ቃሉ የተሰማው ንጉሡ ከስደት ሲመለስ ነው፤ ያን ጊዜም መሬቱን ከሲባ ጋራ እንዲካፈል ተፈረደ።

ይህን ታሪክ ስናነብ የምናደንቀው የዳዊትን ቸርነት ነው፤ ማደነቃችንም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የቸርነት ትእዛዝ ከንጉሡ አፍ ወጥቶ ከሽባው ቤት እስኪደርስ ድረስ በመጋቢ እጅ ያልፋል። መጋቢውን የሚጠይቅ ከሌለ ንጉሡ ሰጥቻለሁ ይላል፤ ሽባውም አልደረሰኝም ይላል፤ ሁለቱም እውነተኞች ይሆናሉ።

ሐዋርያት ይህን አውቀውት ነበር። በኢየሩሳሌም ለመበለቶች የዕለት ምግብ ሲታደል ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ተዘነጉ ተብሎ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ያጉረመረሙትን አልገሠጹም፤ ቅዱስ እስጢፋኖስ ያለበትን ሰባት ዲያቆናት ሾሙ እንጂ። የተዘነጉትም ቋንቋቸው ልዩ የሆነ ወገኖች እንደ ነበሩ ልብ ማለት ይገባል።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ብዙ ምእመናኖቻችን በአሜሪካ አገር፣ ይልቁንም በዋሽንግተንና በዙሪያው፣ ልጆች ወልደው ይኖራሉ። ከልጆቹም መካከል ድምፅ ሲሰማ የማይዞር፣ በጊዜው የማይቀመጥ፣ በጊዜው የማይናገር ይገኛል። ለእንደዚህ ያሉት ሕፃናት፣ ከተወለዱበት ቀን አንሥቶ 3 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ፣ ቀደም ብሎ እርዳታ እንዲደረግላቸው በዚያ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ሕግ ወጥቷል። ሕፃኑን መመርመር ያለ ክፍያ ነው። እርዳታውም በተቻለ መጠን በቤቱና በለመደው ስፍራ እንዲሆን ሕጉ ያዝዛል። ለወላጆች የሚላከው ማስታወቂያም፣ ፈጽሞ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በሚያውቁት ቋንቋ መጻፍ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የሒሳቡ ሥርዐት ነው። የሕፃኑ ስም ለሚመለከተው ክፍል ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ምርመራው ተፈጽሞ፣ ከቤተሰቡ ጋራ የእርዳታውን ዕቅድ ለማውጣት ስብሰባ መደረግ አለበት። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በየዓመቱ ስንቱን በቀኑ እንደ ፈጸመ ለማእከላዊው መንግሥት ያስታውቃል፤ የሚጠበቅበትም ከመቶ 100 ነው። ማእከላዊው መንግሥትም ክፍለ ግዛቶቹን በአራት ደረጃ ይመድባቸዋል፤ የመጀመሪያው ግዴታውን የፈጸመ፣ የመጨረሻው ብርቱ ጣልቃ ገብነት የሚያሻው ይባላል። ይህም ብቻ አይደለም፤ በየአካባቢው ያለው የአገልግሎት ድርጅት እንዴት እንደ ሠራ በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲገለጥ ታዟል። ስለዚህ ማንኛዋም እናት በአካባቢዋ ያለው መጋቢ ምን እንዳደረገ አንብባ መጠየቅ ትችላለች። ሕጉ ሲጣስባትም ለክፍለ ግዛቱ በጽሑፍ ብታመለክት በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ ሊሰጣት ይገባል።

ነገር ግን ሒሳብም የራሱ መሸሸጊያ አለው። ምርመራው የዘገየው በቤተሰቡ ምክንያት ነው ተብሎ በመዝገብ ከተጻፈ፣ ቀኑ እንዳላለፈ ሆኖ ሊቈጠር ይችላል። የታመመ ቤተሰብ ቀጠሮ ቢያስተላልፍ ይህ ትክክል ነው። የስልኩን ቃል ስላልተረዳች የቀረችው እናት ግን በዚሁ መዝገብ ብትገባ፣ ቁጥሩ ንጹሕ ሕፃኑም የተረሳ ይሆናል። ቤተሰቦች በአገልግሎቱ መብታቸውን ማወቃቸው፣ የልጃቸውንም ችግር ለማስረዳት መቻላቸው በመጠይቅ ይጠየቃል፤ ወረቀቱን ማንበብ ያልቻለች እናት ግን ድምፅዋ ከዚያ የለም።

ከዚህ የከፋም ታይቷል። ነገሩ በትምህርት ቤት ያሉትን ልጆች የሚመለከት ቢሆንም፣ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት የትምህርት መሥሪያ ቤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. አንድ መለኪያ አወጣ፤ ይኸውም ልዩ ትምህርት የሚያገኙት ተማሪዎች ከመቶ 8.5 እንዳይበልጡ የሚል ነበረ። በ2016 ዓ.ም. ጋዜጣ ነገሩን ገለጠው፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም የማእከላዊው መንግሥት የትምህርት ሚኒስቴር ሕግ እንደ ፈረሰ ወሰነ። ቁጥር ተይዞ ነበር፤ የተያዘው ግን በሩን ለመዝጋት ነው። በጌታችን ምሳሌ ያለው እረኛ በጎቹን የቈጠረው አንዱ መጕደሉን አውቆ ሊወጣ ነው እንጂ፣ 99ኙ ይበቃሉ ሊል አይደለም።

አባቶች ካህናት ሆይ፣ የሕፃንን ቀን መቍጠር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ወንዱን በ40 ቀን፣ ሴቲቱን በ80 ቀን እናጠምቃለን፤ ቀኑም እንዳያልፍ ወላጆችን እናሳስባለን። ሕፃን በእናቱ እቅፍ ሆኖ ለቍርባን ሲቀርብ እናየዋለን። ከበሮ ሲመታ የማይነቃውን፣ የመስቀሉን ብልጭታ በዓይኑ የማይከተለውን ከሐኪም አስቀድሞ የሚያየው ካህን ሊሆን ይችላል። የንስሐ አባት ወደ ቤት ሲገባም ለእንግዳ የማይታየው ልጅ ለእርሱ አይሸሸግም። ታዲያ ይህን ዐይቶ ዝም ማለት ምን ይባላል?

አንዳንድ ወላጆች ነገሩ የኀጢአት ዋጋ ይመስላቸውና ያፍራሉ። ጌታችን ስለ ዕውሩ ሰው ተጠይቆ፣ እርሱም ወላጆቹም በድለው እንዳልሆነ መመለሱን ልናስተምራቸው ይገባል። በክፉ መንፈስ የሚሠቃየውን ልጅ ሊፈውስ ሲልም፣ ይህ ከያዘው ስንት ዘመን ሆነው ብሎ አባቱን ጠይቋል፤ አባቱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደ ሆነ መልሷል። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ይህን ከጠየቀ፣ እኛ እንዴት ሳንጠይቅ እንቀራለን? ጠበል የሚጠመቀውን ልጅ ወደ መርማሪ ከመሄድ የሚከለክል ትምህርት ቤተ ክርስቲያን የላትም፤ ጠበሉ ሲያልቅ ይሄዳል እየተባለ የሚያልፈው ወራት ግን ከሦስቱ ዓመት ላይ የሚቀነስ ነው።

ስለዚህ በዚያ አገር ያሉት ካህናት፣ እናቲቱን አይዞሽ ካሉ በኋላ፣ ስሙ የቀረበው በየትኛው ቀን ነው፣ እስከ ዛሬስ ስንት ቀን ሆነ፣ ደብዳቤው በአማርኛ መጥቶልሻል ወይ ብለው ይጠይቁ። ሰበካ ጉባኤውም የአካባቢውን ድርጅት የዓመት መግለጫ አስመጥቶ፣ ምእመናኑ እንዲረዱት በአማርኛ ያስነብብ። ልጁ 3 ዓመት ሳይሞላው ቢያንስ 90 ቀን ሲቀረው፣ ወደፊት ስለሚያገኘው እርዳታ፣ ወላጆቹ ከፈቀዱ፣ ስብሰባ እንዲደረግ ታዟል። ያን ቀን ብዙ ሹማምንት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሆነው በማታውቀው ቋንቋ ይነጋገራሉና፣ እናቲቱ ከአስተርጓሚው ሌላ የሚያውቃት አንድ ሰው ከጎንዋ ቢቀመጥ ይገባል፤ ሰበካ ጉባኤው ይህን ሰው አስቀድሞ መርጦ ያቆይላት።