የጣት ምስክርነት፦ ስለ ቁልፍ፣ ስለ መስታወትና ስለ መዳሰስ

አማርኛ ስለ እርግጠኛነት ሲናገር ከዓይን ይልቅ ወደ እጅ ያደላል። የማያጠራጥር ማስረጃ «ተጨባጭ» ይባላል፤ ቃሉ መጨበጥ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ፍሬ የሌለው ንግግር «የሚጨበጥ ነገር የለውም» ተብሎ ይነቀፋል፤ አንድን መጽሐፍ መርምሮ ስለ እርሱ መጻፍም «ዳሰሳ» ይባላል፣ ምንም እንኳ የመርማሪው ሥራ በጣት ከመንካት ይልቅ በአእምሮ ማብላላት ቢሆንም። ቋንቋው በዚህ አነጋገሩ አንድ ፍልስፍናዊ አቋም ይዟል፤ ይኸውም የተነካ ነገር ከታየ ነገር ይልቅ የታወቀ ነው የሚል ነው። ይህ አቋም ትክክል ነውን? ትክክል ከሆነስ እጅ አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ የሚያውቀው ምኑን ነው? ጥያቄው ጥንታዊ ቢሆንም የሚፈተንበት ዕቃ ዛሬ በየሰው ኪስ ውስጥ ይገኛል፤ በተለይም ሁሉም ስልክ መስታወት በሆነበት ዘመን እውነተኛ ቁልፎችን ይዞ የመጣ ስልክ እጅ ላይ ሲገባ፣ ጥያቄው ከመጻሕፍት ወጥቶ አውራ ጣት ጫፍ ላይ ያርፋል።

ከእነዚህ ስልኮች አንዱ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2017 በባርሴሎና ለሕዝብ የቀረበው ብላክቤሪ ኪዋን ነው። ብላክቤሪ መሠረቱ በካናዳዋ ዋተርሉ ከተማ የሆነ፣ ቀድሞ ሪሰርች ኢን ሞሽን ይባል የነበረ ኩባንያ ሲሆን፣ ከ1999 ጀምሮ በብላክቤሪ ስም በትንንሽ ቁልፎች መልእክት የሚጻፍባቸውን መሣሪያዎች ሲያወጣ ቆይቶ በ2016 ስልክ በራሱ መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ኪዋንን የሠራው በብላክቤሪ ስም ለማምረት ፈቃድ ያገኘው የቻይናው ቲሲኤል ነው። ስልኩ 180 ግራም ይመዝናል፣ ውፍረቱ 9.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስክሪኑ 4.5 ኢንች ብቻ የሆነው ከሥሩ ያለውን ቦታ አራት ረድፍ ቁልፎች ስለያዙት ነው። ጀርባው እንደ ጎማ ለስለስ ያለና ሸካራ ስለሆነ ከመዳፍ አያመልጥም። አውራ ጣቶች ወደ ቁልፎቹ ሲወርዱ እያንዳንዱ ቁልፍ በትንሹ ያዘነበለ ገጽ እንዳለው ይሰማቸዋል፤ ጣት ሲጫነው ቁልፉ ጥቂት ይቃወማል፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይወርዳል፣ ወዲያውም ጣትን ወደ ላይ ይመልሳል። ባዶ ቦታ የሚያስገባው ረጅሙ ቁልፍ የጣት አሻራ ያነብባል፤ ቁልፎቹን ሳይጫኑ ጣትን በላያቸው ማንሸራተት ደግሞ ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር ያ ጥቂት መቃወም ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፍጥረት ግዙፍና ረቂቅ ተብሎ ይከፈላል፤ ግዙፍ የሚባለው ቦታ የሚይዝና የሚዳሰስ፣ ረቂቅ የሚባለው እንደ መላእክትና እንደ ነፍስ ከመዳሰስ የሚያመልጥ ነው። ግዙፉን ግዙፍ የሚያሰኘው ለእጅ እንቢ ማለቱ ነው፤ እጅ እንዳሻው ሊያልፍበት የማይችለው ነገር ከእጅ ውጭ የራሱ መኖር እንዳለው በእንቢታው ይመሰክራልና። አርስቶትል ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፉ እንስሳ ያለ ሌሎች ሕዋሳት ሊኖር ቢችልም ያለ መዳሰስ ሊኖር እንደማይችል ያስተማረው፣ የሰው ልጅም በማየትና በማሽተት በብዙ እንስሳት ቢበለጥ በመዳሰስ ግን ሁሉንም እንደሚበልጥ የተናገረው ከዚህ ጋር ይዛመዳል። የሐዋርያው ዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክትም በመክፈቻው መስማትንና ማየትን አስቀድሞ በእጅ መዳሰስን በመጨረሻ ያነሣል፤ ምስክሩ ከጆሮ ተነሥቶ እጅ ላይ ሲደርስ የተሟላ ይመስላል።

በመስታወት ስልክ ላይ ጣት ምን ይዳስሳል? መስታወቱ ግዙፍ ነው፣ ይዳሰሳልም፤ ፊደሉ ግን አይዳሰስም። በመስታወቱ ላይ «ሀ» የተሳለበት ቦታና «ለ» የተሳለበት ቦታ ለዓይን ሁለት ሲሆኑ ለጣት አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ዓይን ጣትን እየመራ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቦታውን እያሳየ አብሮ መውረድ ይኖርበታል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ስልኮች በተነኩ ቁጥር እንዲንቀጠቀጡ ተደርጓል፤ ነገር ግን ንዝረቱ የሚመጣው ፊደሉ ከተመረጠ በኋላ ነው። እውነተኛው ቁልፍ የቱ እንደሆነ ከመጫኑ በፊት በጠርዙ ይናገራል፤ ንዝረት የሆነውን ሲያስታውቅ ጠርዝ ሊሆን ያለውን ያስታውቃል። ለሚጽፍ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የዓይኑ ትኩረት ሐሳቡን ከማሰናዳት የሚነጠቀው ከመጫኑ በፊት ባለችው ቅጽበት ውስጥ ነውና።

ከዚህ የጠለቀ ሌላ ልዩነት አለ። የመስታወት ኪቦርድ የአውራ ጣትን ስፋት ስለሚያውቅ የተነካውን ቦታ እንዳለ አይቀበልም፤ ቀድሞ ከተጻፉት ፊደላት ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ይገምታል፣ የሚጠበቀውን ፊደል ክልል ለዓይን በማይታይ መንገድ ያሰፋል፣ ቃሉ ሲያልቅም ስሕተት ነው ያለውን በራሱ ያርማል። ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፣ ጸሐፊውንም ከብዙ ድካም ያሳርፈዋል። ሆኖም ትክክል በሆነበት ጊዜም ቢሆን ፊደሉን የመረጠው ሰው ብቻውን አይደለም። አንድ ድርጊት የአድራጊው ነው የሚባለው አስቦ፣ ፈቅዶ፣ በታወቀ ቅጽበት ሲፈጽመው ከሆነ፣ የቁልፉ ቀጭታ ያችን ቅጽበት ግልጽ ያደርጋታል፤ ጣት ተጫነ፣ ፊደል ተጻፈ፣ ጥፋቱም ልማቱም የጸሐፊው ሆነ። ኪዋንም ቢሆን ግምት ያቀርባል፣ ነገር ግን የገመታቸውን ቃላት ከቁልፎቹ በላይ ደርድሮ ያሳያል፤ ጸሐፊው ከቃሉ ሥር ካሉት ቁልፎች ጣቱን ወደ ላይ ሲያንሸራትት ቃሉ ይገባል። የሚጠቁም ረዳትና በጸሐፊው ቦታ ተተክቶ የሚወስን ረዳት አንድ አይደሉም፤ በጽሑፍ ላይ ኃላፊነት የሚባል ነገር ካለ ሁለቱን ለይቶ ማየት ግድ ነው።

እስከዚህ ድረስ እጅ የረታ ይመስላል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያ ንክኪን ምስክርነት ከመቀበል በፊት ምስክሩ ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞሪስ መርሎ-ፖንቲ በ1945 ስለ ማስተዋል ባሳተመው ዐቢይ መጽሐፉ የጽሕፈት መኪና የለመደን ሰው እንደ ምሳሌ ያነሣል፤ ይህ ሰው ፊደላቱ በመኪናው ላይ የት የት እንዳሉ ቢጠየቅ በቃል ማስረዳት ሊያቅተው ይችላል፣ ጣቶቹ ግን ያውቁታል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በአእምሮ እንደ ዝርዝር የተያዘ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ የገባ ነው፤ አማርኛ «እጁ ለምዷል» ሲል የሚናገረው ስለዚሁ ነው። ዓይነ ስውርም በትሩን ሲለምድ በትሩን መዳሰስ ትቶ በበትሩ ጫፍ መሬቱን ይዳስሳል። የተለመደ መሣሪያ ከመዳሰስ ተሰውሮ መዳሰሻ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለ«ዳሰሳ» ጸሐፊዎች ሁሉ ከባድ ነው። አንድ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዝ ገና ዕቃ ነው፤ ክብደቱ፣ ጠርዙ፣ ቅዝቃዜው ሁሉ ጎልቶ ይሰማል፣ ምክንያቱም ገና አልተለመደም። መሣሪያ የሚሆነው ይህ ሁሉ ሲረሳ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ንክኪ የሚያውቀው መሣሪያው ሥራ ላይ ሲውል ሊሰወር ያለውን ገጽታ ነው። በዚያ ላይ እጅ ባዶውን አይመጣም። በ2000ዎቹ ዓመታት በብላክቤሪ ሲጽፍ የኖረ ሰው ኪዋንን ሲጨብጥ አውራ ጣቶቹ የተማሩትን ያገኛሉና ደስ ይለዋል፤ ፍርዱም ወደ ምስጋና ያዘነብላል። መስታወት ላይ ያደገ ወጣት እጅ ግን ያንኑ ቁልፍ ጠባብና ደረቅ ሆኖ ያገኘዋል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ቁልፉ አንድ ሲሆን ምስክርነቱ ሁለት የሆነው፣ እያንዳንዱ እጅ ስለ ስልኩ የተናገረ መስሎት ስለ ራሱ ታሪክ ስለተናገረ ነው። መዳሰስ ነገሩ መኖሩን ያረጋግጣል፤ መልካምነቱን ግን የሚያረጋግጠው ልምድ ነው፣ ልምድም ቀናትንና ሳምንታትን ይጠይቃል።

ይህ የእጅ ታሪክ ሲለወጥ ፍርድም አብሮ እንደሚለወጥ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ የጽሕፈት መኪና ዕጣ ነው። ጀርመናዊው ማርቲን ሃይዴገር በ1942 እና 1943 ክረምት በፍራይቡርግ ስለ ፓርሜኒዴስ ባስተማረበት ወቅት የጽሕፈት መኪና ጽሕፈትን ከእጅ ግዛት ነጥቋል፣ የእጅ ጽሑፍን ጠባይ ሰውሮ የሰዎችን ሁሉ ጽሑፍ አንድ ዓይነት አድርጓል ብሎ ወቅሷል። ያን ጊዜ ቁልፍ የእጅ ጠላት ተደርጎ የተቆጠረ ሲሆን፣ ዛሬ ደግሞ በመስታወት ፊት ቆሞ የእጅ ጠበቃ ሆኗል። ወቀሳው ግን ከንቱ አልነበረም። የብራና ጸሐፊ ሥራውን ሲጀምር የብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጋል፣ ከዚያም ከነጥብ ወደ ነጥብ ያለ ቀለም፣ በመጫን ብቻ መስመር ያሰምራል፤ መስመሩ በቆዳው ላይ የተረገጠ ቀጭን ቦይ ነው፣ ለዓይን ፈዛዛ ቢሆንም በጣት ይታወቃል። የመቃ ብዕሩ ይህን ቦይ ተከትሎ ሲሄድ ቆዳው ብዕሩን ይቃወማል፣ እጅም ግፊቱን ያመዛዝናል፤ የአንዱ ጸሐፊ «መ» ከሌላው «መ» የሚለየው በዚህ መመዛዘን ነው። ቁልፍ ይህን ሁሉ አይመልስም። የመለሰው አንዱን ብቻ፣ መቃወምን ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ስቲቭ ጆብስ በ2007 የመጀመሪያውን አይፎን ሲያቀርብ በቁልፎች ላይ ያነሣው ክስ፣ አንዴ ከተቀረጹ በኋላ ለእያንዳንዱ ሥራ ሊለወጡ አይችሉም የሚል ነበር። 26 የላቲን ፊደላት ለሚበቁት ቋንቋ ይህ ክስ ቀላል ነው፤ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ድምፅ ተባዝተው 231 ለሚሆኑበት፣ በዚያም ላይ ዲቃላዎች ለሚጨመሩበት ጽሕፈት ግን ብርቱ ክስ ነው። ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና የደከሙት እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ ሰዎች የታገሉት ከዚሁ ጋር ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ የመጀመሪያው ብላክቤሪም የዚያው ዓመት ነው፤ ሁለቱ ግን በአንድ ዘመን ተወልደው ተራርቀው አደጉ። የላቲን ፊደል በተቀረጸባቸው ቁልፎች ላይ አማርኛ የሚጻፈው በድምፅ ነው፤ «ሰላም» የሚለው የሦስት ፊደል ቃል አምስት ቁልፍ ይፈልጋል፣ ጣት የሚዳስሰውና ዓይን የሚያነብበው ፊደልም አይገናኙም። መስታወቱ በበኩሉ መልኩን ስለሚለዋውጥ «ሰ» ሲነካ ከነቤተሰቡ ከ«ሱ» እስከ «ሶ» ሊዘረጋ ይችላል። በዚህ በኩል መስታወቱ ለፊደል ገበታ የቀረበ ነው፤ በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ በስንደዶ ጫፍ እያመለከተ ከግእዝ እስከ ሳብዕ የሚወርድበትን ገበታ ያስታውሳል። ስለዚህ የእጅን እርግጠኛነት የሚሻ አማርኛ ጸሐፊ የሌላ ቋንቋ ፊደል የተቀረጸበትን ቁልፍ ይቀበላል፤ የራሱን ፊደል መልክ የሚሻው ደግሞ የማይዳሰስ ሥዕል ላይ ይጽፋል። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፣ ገና ያልተፈታም ነው።

ቲሲኤል በ2018 ኪቱ የተባለውን ተከታይ ስልክ ካወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2020 በብላክቤሪ ስም ስልክ መሸጡን አቆመ። ቁልፍ ያለው ስልክ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ የሻንጋዩ ዩኒኸርትዝ ታይታን በሚል ስም ይሠራል፣ ከ2024 ጀምሮም ክሊክስ የተባለ በአይፎን ላይ የሚገጠም ኪቦርድ ለገበያ ቀርቧል። ከእነዚህ አንዱን ለመግዛት ያሰበ አንባቢ በመደብሩ ውስጥ ቁልፎቹን ነካክቶ ብቻ አይወስን፤ ከተቻለ ከወዳጁ ተውሶ ለጥቂት ቀናት በአማርኛ ረዘም ያለ ደብዳቤ ይጻፍበት፣ ሲጽፍም ዓይኑን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ እጁ የት ላይ እንደሚሳሳት ያስተውል።