የደረቀ ትል ዕድሜው ስንት ነው?

ሮበርት ስኮት በ1903 እ.ኤ.አ. አንታርክቲካ ውስጥ ማክመርዶ ደረቅ ሸለቆዎች ወደሚባሉት ሲገባ ሕይወት ያለው ነገር አላየም። አፈሩ ውስጥ ግን ስኮትኔማ የሚባል፣ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ትል አለ።

አፈሩ ሲደርቅ ትሉ ይጠቀለልና የሰውነቱን ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይለቃል። አይበላም፣ አይባዛም፣ አይንቀሳቀስም። እርጥበት ሲመለስ ይነሳል። በመሃል ያለው ጊዜ ታዲያ ምን ይባላል? ሞት እንዳልል ይነሳል፤ ሕይወት እንዳልል የሚሠራው የለም።

እኔ ሥራ ፈትቼ የከረምኩበትን ዓመት «ባከነ» ብዬ የምቆጥር ሰው ነኝ፤ ለዚህ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ደግሞ መድረቅም እንዲሁ አይሆንም። እንዲህ የሚያደርጉ ትሎች በድንገት ከደረቁ ብዙዎቹ ይሞታሉ። ቀስ ሲል ግን አንዳንዶቹ ትሬሃሎዝ የሚባል ስኳር አከማችተው ሴሎቻቸውን ይጠብቃሉ።

በ2001/02 እ.ኤ.አ. የሙቀት ወራት በረዶው ከልክ በላይ ቀለጠ፣ ጅረቶቹ ሞሉ፣ አፈሩ ራሰ። ይህን ሳነብ «እሰይ፣ ደረሰላቸው!» አልኩ። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን ስኮትኔማ ቀነሰ፤ እርጥብ አፈር የሚስማማው ዩዶራይላመስ የሚባለው ሌላ ትል ጨመረ። ለካ ስኮትኔማ የሚበዛው ደረቅና ጨዋማ አፈር ላይ ነው።

ያን ሁሉ ጊዜ ጎርፉን ሲጠብቅ ነበር ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ።