ጥያቄሽን ከማዋለጃ ክፍል ይዘሽ ሂጂ

ልጄ፣ ማስተርስ ልትገቢ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ቢቸና ተወልዶ ሞጣ ሲያዋልድ የቆየ ልጅ ከፍ ብሎ ሲማር ማየት ለእኛ ለቀደምነው አዋላጆች ትልቅ ነገር ነው። ከመሄድሽ በፊት ግን ምክሬን ስሚኝ፦ የምታጠኚውን ጥያቄ ከዚሁ ከማዋለጃ ክፍልሽ ይዘሽ ሂጂ።

የሥራ ባልደረቦችሽ «የሥነ ተዋልዶ ጤና ያዢ፤ ቢሮ ያስገባል» እንደሚሉሽ አውቃለሁ። እሱም ክቡር ትምህርት ነው። አንቺ ግን እጅሽ የተፈታ አዋላጅ ነሽና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደሚሰጠው ያለውን ክሊኒካል ሚድዋይፈሪ ብትመርጪ እወዳለሁ። መሥሪያ ቤትሽ ከላከሽ ደግሞ የአገልግሎት ግዴታ ውሉን ቁጭ ብለሽ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። በ1992 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም 26፣ በ2011 ዓ.ም 48 ደረሱ። ድሮ «እናቲቱ ለምን አትመጣም?» እያልን ቤት ለቤት እንዞር ነበር። ግማሽ ያህሉ መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ግን፣ ከመጡ በኋላ ምን እንደሚገጥማቸው መጠየቅ የአዋላጆች ድርሻ ነው። የመመረቂያ ጥናቶቻችንን ብታገላብጪ ግን አብዛኞቹ «ስርጭቱና ተያያዥ ምክንያቶቹ» የሚል አንድ ዓይነት ርዕስ ይዘው የሚለዋወጠው ወረዳው ብቻ ነው። መጠይቁ ይባዛል፣ ይሞላል፣ ይሰላል፤ ከዲፌንስ በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ይህን ያህል ድካም እንዲህ ሲባክን ያንገበግበኛል።

እስቲ የቆዩ ፓርቶግራፎችን፣ የምጥ መከታተያ ቅጾቹን፣ አውጥተሽ እያቸው። አንዳንዱ ላይ የማህፀን በር አከፋፈቱ ከማስጠንቀቂያ መስመሩ ጋር ተለጥፎ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የጽንሱ የልብ ምትም በየግማሽ ሰዓቱ 140፣ 140፣ 140 ተብሎ ተሞልቷል። ምጥ የያዛት ሴት አይቶ የሚያውቅ ሁሉ እንዲህ እንደማይሄድ ያውቃል። ወረቀቱ የተሞላው ልጁ ከተወለደ በኋላ ለሪፖርት ነው። ለምን? አዋላጇ ቸልተኛ ሆና ነው ወይስ ሌሊቱን ብቻዋን ሦስት ምጥ ይዛ ስላደረች? እዚያው የሠራሽ አንቺ ብትጠይቂያት እውነቱን ትነግርሻለች፤ ከሌላ ለመጣ መጠይቅ ያዥ ግን አትነግርም።

ደሙንም ተመልከቺ። ከወሊድ በኋላ ከ500 ሚሊ ሊትር ካለፈ አደጋ ነው ብለን ተምረናል። ሆኖም ግማሹ ጨርቅ ውስጥ ሰርጎ፣ ግማሹ ወለል ላይ ፈስሶ፣ የምንገምተው በዓይናችን ነው። ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2023 የታተመ ጥናት ከእናቲቱ ሥር ልኬት ያለው ፕላስቲክ ዘርግቶ ደሙን ለካ፤ ከልኩ ሲያልፍም ማህፀን ማሸቱ፣ ኦክሲቶሲኑ፣ ትራኔግዛሚክ አሲዱ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽና ምርመራው ሳይዘገይ ባንድነት እንዲጀመር አደረገ። ከባድ የደም መፍሰስና መዘዙ በ60 በመቶ ቀነሰ። የዚህ ጥናት ጥያቄ የተወለደው ደም ከፈሰሰበት አልጋ አጠገብ ነው። የእኛም አልጋ እንዲህ ያለውን ይወልዳል።

እኔ ብሆን ሪፈሩን አጠና ነበር። ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር፣ ከቢቸና ወደ ደብረ ማርቆስ የምትላክ እናት ሪፈር የተጻፈላት በስንት ሰዓት ነው? አምቡላንሱ የተነሣው መቼ ነው? ሐኪም ያያት መቼ? ስለ «ሦስቱ መዘግየቶች»፣ ለመሄድ በመወሰን፣ ተቋም በመድረስና እርዳታ በማግኘት ስለሚደርሱት፣ ክፍል ውስጥ ይነግሩሻል፤ ቆጥሮ መመዝገብ ግን ያንቺ ሥራ ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልሉ ጦርነት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ስንት እናት ቃሬዛ ላይ እንዳለች እንደቀረች ማንም በቅጡ ሳይጽፈው እንዳያልፍ እፈራለሁ።

መዝገብ ከመንካትሽ በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃዱን ያዢ፤ የእናቶችን ስም አትገልብጪ። ሥራው ሲያልቅም ውጤቱን በአማርኛ አሳጥረሽ ጻፊና መዝገቡን ለሰጡሽ አዋላጆች በተረኛ መቀያየሪያ ሰዓት አንብቢላቸው፤ የሌሊት ተረኞቹ ሳይወጡ።