ከአዳራሹ በፊት

ሳንሱሲ ያደገ ተማሪ ስለ ሰላም ሊያጠና ሲነሳ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ሰፈሩን አልፎ ቡራዩ ይገባል። ወሰኑ በካርታ ላይ አዲስ አበባንና ዛሬ ሸገር ከተማ የተባለውን ይለያል እንጂ ዘመድና ገበያ ግን በሁለቱም ወገን ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ሰዎች በማንነታቸው ተገደሉ፣ ቤታቸው ተዘረፈ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትም ሸሽተው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቾቹን ቁጥር 58 አድርሶታል፤ ፖሊስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተናገረው ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ይህንን ወይም ይህን የመሰለ ጉዳይ አጥንታችሁ በሰላም ግንባታ ጉባኤ ላይ ለማቅረብ ለምትዘጋጁ ልጆቻችን የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ጥናታችሁ አዳራሽ ከመድረሱ በፊት ነገሩን ለነገሯችሁ ሰዎች አቅርቡት።

ምክንያቴን የማገኘው ከዚያው ወር ነው። ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ስለነበሩ ቁጣው አርባ ምንጭ ደረሰ። ወጣቶች ለበቀል አደባባይ ሲወጡ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም አባቶቹን አልፈው አልሄዱም። ፎቶግራፉ አገሩን አዳረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ አገር በቀል እርቅ ሲነሳ አብሮ የማይነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ምስሉን አድንቀን ማቆማችን ነው። ሣሩ ብቻውን ሣር ነው። ኃይል የሰጠው በጋሞ ዘንድ ጎሜ የሚባለው፣ የተከለከለውን የጣሰ ሰው በራሱም በወገኑም ላይ ጉዳት ያመጣል የሚለው እምነት ነው። ከዚያ የማያንሰው ደግሞ የጋሞ የሸንጎ ስፍራ የሆነው ዱቡሻ ነው። በዱቡሻ ነገር የሚሰማው በአደባባይ ነው፤ ክስ የቀረበበት ሰው እዚያው ተገኝቶ ይመልሳል፣ ያየ ያስተካክላል። አባቶቹ አርባ ምንጭ ላይ የተደመጡት ቃላቸው ለረጅም ዘመን በዚህ መልክ ሲፈተን ስለኖረ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ይህንን ከጉባኤ አዳራሽ ጋር አስተያዩት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና የደኅንነት ጥናት ተቋም ከተመሠረተበት ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ባሕር ዳር የጣና ፎረምን ማስተናገድ ከጀመረችበት ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህም፣ ስለ ሰላም የሚመከርበት መድረክ አገራችን ውስጥ በዝቷል፤ ይህ መልካም ነው። በአዳራሹ የሚቀመጡት መምህራን፣ ባለሥልጣናትና የድርጅት ሰዎች የጥናት ዘዴያችሁን ይመረምራሉ፣ የንድፈ ሐሳብ ክፍተታችሁን ያሳያሉ። «ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ አልነበረም» የሚል ግን በመካከላቸው የለም። ያንን የምትለው ሳንሱሲ ውስጥ ቤቷ ያነጋገራችኋት እናት ናት፤ እሷ ደግሞ አልተጠራችም። ስለዚህ የተሳሳተ ነገር ብትናገሩ ይጨበጨብላችኋል፤ ስሕተቱም ታትሞ በሌላ ተማሪ ይጠቀሳል።

በዚህ ምክሬ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጥናቱ ነፃነቱን ያጣል የሚለው ነው፦ የተጠኑት ሰዎች የማይወዱትን ያስወጣሉ፣ ተማሪውም የአንድ ወገን አፈ ቀላጤ ይሆናል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ሆኖም እርማት መስማት ማለት መታዘዝ ማለት አይደለም። አንዱ ወገን «አልሆነም» ሌላው «ሆኗል» ቢላችሁ፣ አለመስማማቱ ራሱ ግኝት ነውና ሁለቱንም ጻፉ፤ እናንተ ወደየትኛው እንዳዘነበላችሁና ለምን እንደሆነም አክሉ። የሟቾቹን ቁጥር እንኳ ማን እንዳለው ሳትገልጹ አንዱን መርጣችሁ ብትጽፉ፣ ከሁለቱ ወገን አንዱ ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ አያነብላችሁም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፦ ቁስል ይቀሰቀሳል፣ የተናገረ ሰውም ይጋለጣል። ሜሪ አንደርሰን በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ በጎ ታስቦ የሚሰጥ እርዳታ ራሱ ግጭት ሊያባብስ እንደሚችል አሳይታለች፤ ጥናትም ከዚህ አያመልጥም። ለዚህ ነው ሰዎቹን በአንድ አዳራሽ ሰብስቡ የማልላችሁ። ለየብቻቸው፣ በፈቀዱበት ቦታና ሰዓት፣ እነሱ የነገሯችሁን ብቻ አንብቡላቸው፤ አንዱ ያለውን ለሌላው አታድርሱ። መስማት የማይፈልገውን አታስገድዱ። እንዲያውም ሰውን ከአደጋ ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ስም ሰውራችሁ «ከታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ወፍጮ ቤት የነበራቸው አባት» ብላችሁ ብትጽፉ አዳራሹ ማንነታቸውን አያውቅም፤ ሰፈሩ ግን ወዲያው ያውቃል። ይህንን ከመታተሙ በፊት የሚያዩላችሁ ራሳቸው አባትዬው ናቸው።

ጊዜ የለም የሚለውን ብዙም አልቀበለውም። ለጉባኤ የሚሰጣችሁ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ነው፤ ያንኑ ያህል በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ለሰዎቹ መናገር የማይቻል አይደለም። ስትናገሩም ጽሑፉ ላይ ያላያችሁት ክፍተት ይታያችኋል። ለምሳሌ፣ አርባ ምንጭ ላይ በቀል ቀረ፤ ቡራዩ ላይ የጠፋው ሕይወትና የተዘረፈው ንብረት ግን በሣሩ አልተመለሰም። የሰላም ጥናት ምሁሩ ዮሐን ጋልቱንግ ግድያ መቆሙን ፍትሕ ከሰፈነበት ሰላም የለየው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው። ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ግን ጋልቱንግን ሳያነብ ይህንኑ ይነግራችኋል፤ ምን ያህል እንደጎደለም ይቆጥርላችኋል።

ጉባኤው ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ አይቀርም። የማታውቁትን ለመሙላት አትቸኩሉ። ሰዎቹ ራሳቸው የጠየቁትን፣ ካሳ ከሆነ ካሳ፣ ዳኝነት ከሆነ ዳኝነት፣ ወደ ቤት መመለስ ከሆነ መመለስ፣ እንዳሉት ንገሩ፤ የእናንተን ሐሳብ ከዚያ ለይታችሁ አስከትሉ። ከጉባኤው ስትመለሱም የተጠየቃችሁትንና የመለሳችሁትን ባጭር ጽሑፍ አድርጋችሁ ለእያንዳንዳቸው አድርሱላቸው።